ባሕሩን ትታችሁ ከኋላው ያለውን ተራራ እዩ፦ ቫሌንሲያ ዳርቻ ቤት ከመያዛችሁ በፊት

ፓይፖርታ ስፔን ውስጥ ከቫሌንሲያ ከተማ በስተደቡብ ተጠግታ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 ከሰዓት በኋላ እዚያ ዝናብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰው ከሥራ ይመለስ ነበር። ሱቁም ክፍት ነበር። ከዚያ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው፣ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርመው ፈፋ ሞልቶ ግንቡን ዘለለ። ፓይፖርታ በዚያ ምሽት ከ40 በላይ ነዋሪዎቿን አጣች። በቫሌንሲያ አውራጃ በጠቅላላ የሞተው ሰው ከ220 ይበልጣል።

ዝናቡ የጣለው ከኋላ፣ ከከፍታው ላይ ነው። ቱሪስ በምትባል ቦታ በ24 ሰዓት 771.8 ሚሊ ሜትር ወረደ። ከዚህ ውስጥ 184.6ቱ የአንድ ሰዓት ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ከበጋ ተደምሮ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከግማሽ በላዩ በአንድ ቀን ሲወርድ አስቡት።

ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ አዲስ አይደለም። ወንዟ ደቻቱም አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ውሃ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ስፔኖች እንዲህ ያለውን ደረቅ ወንዝ ራምብላ ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «ረምል» ነው፤ አሸዋ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው አትሂዱ ለማለት አይደለም። ቫሌንሲያ ጥሩ ከተማ ናት። «ቫሌንሲያ አደገኛ ናት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «የትኛው መንገድ ላይ፣ ስንተኛ ፎቅ?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ለመመለስ ነው። ቪዛና መኖሪያ ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም። ዓመተ ምሕረት ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ የምትፈልጉትን ኑሮ ጻፉ

ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ጨለማ ክረምት ለሚመጣ ሰው ቫሌንሲያ ልብ ታማልላለች። ፀሐይ አለ። ባሕር ዳር የሚያደርስ ትራም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ትልቁ ገበያ ገብቶ ቲማቲምና ዓሣ ይዞ መመለስ አለ። ችግሩ፣ ሰው በዚህ ስሜት ውስጥ ሆኖ ቤት ሲያይ የሚያየው በረንዳውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። በአንድ በኩል «ያለዚህ አልኖርም» የምትሉትን፣ በሌላው «ቢኖር ደስ ይለኛል» የምትሉትን ጻፉ። ሜትሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ባሕር፣ ጓሮ፣ መኪና፣ ኪራይ፣ ሁሉንም። ከዚያ ወደ ምድር ቤትና ወደ ዝቅተኛ መሬት የሚጎትቷችሁን ነገሮች አክብቡ። ጓሮ ይጎትታል። የመኪና ማቆሚያ ይጎትታል። ርካሽ ኪራይ ይጎትታል።

ከሁሉ በላይ የምትጎትተው ግን እናት ናት። «እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትወጣም፣ ምድር ቤት ይሁንላት» እንላለን። ደግነት ነው። ይሁንና በ2024 ከሞቱት ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹን ውሃው ያገኛቸውም ምድር ቤት ውስጥ ነው። ደረጃ መውጣት ያልቻለ ሰው ውሃ ሲመጣም አይችልም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

2. አገሩን ከላይ ወደ ታች አንብቡ

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ካርታውን ለማንበብ ይረዳል። ሜዲትራኒያን በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ይከርማል። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር አንዳንድ ጊዜ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ከዋናው ነፋስ ተገንጥሎ ይመጣና ስፔን ላይ ይቆማል። ዳና ይሉታል፤ የድሮ ሰዎች «ጎታ ፍሪያ»፣ ማለትም ቀዝቃዛ ጠብታ ነው የሚሉት። ከሞቀው ባሕር የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲወጣ እዚያው ቆሞ ያፈሳል። ተራራውና ባሕሩ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ውሃው ሜዳው ላይ ለመድረስ ቀናት አይፈልግም። ሰዓታት ይበቁታል።

ፓይፖርታን ለሁለት የሚከፍለው ፈፋ፣ ፖዮ፣ ኦክቶበር 29 ያደረገውን ተመልከቱ። ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ የሚያልፍበት ውሃ በሰከንድ ከ30 ሜትር ኪዩብ አይበልጥም ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ55 ሲሆን 2,282 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቁጥር የለም፤ መለኪያውን ራሱን ውሃው ወሰደው።

ቀጥሎ የቱሪያን ታሪክ ማወቅ አለባችሁ፤ ዛሬ የማን ሰፈር ደረቅ፣ የማን ሰፈር እርጥብ እንደሆነ የወሰነው እሱ ነው። ቱሪያ ወንዝ ድሮ መሀል ቫሌንሲያን አቋርጦ ነበር የሚያልፈው። ኦክቶበር 14 ቀን 1957 ሁለት ጊዜ ሞላ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ መንግሥት «ፕላን ሱር» ብሎ ወንዙን ከከተማው በስተደቡብ በኩል በተቆፈረ ሰፊ ቦይ አዞረው። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በሰከንድ 5,000 ሜትር ኪዩብ እንዲችል ታስቦ ነው የተሠራው። የድሮው የወንዝ መሬት ዛሬ መናፈሻ ነው። ሰው ይሮጥበታል፣ ልጅ ብስክሌት ይለምድበታል።

በ2024 ይህ ቦይ መሀል ከተማውን አዳነ። ከቦዩ በስተደቡብ ያሉት ግን፣ ፓይፖርታ፣ ካታሮሃ፣ ማሳናሳ፣ አልፋፋር፣ ቤኔቱሰርና ሰዳቪ፣ በሌላኛው ውሃ፣ በፖዮ፣ ተዋጡ። ስለዚህ ማንኛውም ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከአዲሱ ወንዝ ወዲህ ነው ወዲያ?» ብላችሁ ነው። ደላላ «ቫሌንሲያ ከተማ ውስጥ ነው» ቢላችሁ አይበቃም። ላ ቶሬ የሚባለው ሰፈር በአስተዳደር የቫሌንሲያ ከተማ ነው። ያለው ግን ከቦዩ ደቡብ ነው፤ እሱም ተጥለቅልቋል።

ሰሜኑስ? ሰሜንም የራሱ ፈፋ አለው፤ ካራይሼት ይባላል። በታቨርነስ ብላንከስና በአልቦራያ በኩል አልፎ ባሕር ይገባል። በሰሜን ምዕራብ ያሉት ጎደያ፣ ሮካፎርትና ቡርሃሶት ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ በሜትሮ አንደኛ መስመር መሀል ከተማ ትገባላችሁ። ባሕሩ ግን ይርቃል። እኔን ብትጠይቁኝ ይህን ርቀት በደስታ እከፍላለሁ። ጠዋት ጠዋት ባሕር ሳላይ ቀኔ አይጀምርም የሚል ሰው ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይኖረዋል፤ መብቱ ነው።

ስለ ባሕሩ ስለ ራሱ በአጭሩ፦ እሱም ይመጣል። ጃንዋሪ 2020 ግሎሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ዳርቻውን አፈራርሷል። ባሕሩ አፍንጫ ሥር ያለ ቤት ጨውና እርጥበት ይበላዋል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ብረት ይዝጋል። ሰው የሚገድለው ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ነው የሚመጣው።

3. አድራሻውን ካርታ ላይ አስገቡ

ስፔን የጎርፍ ካርታዋን ለሕዝብ በነፃ ከፍታዋለች። የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ካርታ በስሙ አጽሕሮት «SNCZI» ይባላል፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። የቫሌንሲያ ክልል ደግሞ «ፓትሪኮቫ» የሚባል የራሱ አለው፤ በ2003 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል። ሁለቱንም ክፈቱ፤ አንዱ ያላሳየውን ሌላው ሊያሳይ ይችላል።

አድራሻውን ስትጽፉ በቀለም የተሸፈኑ ቦታዎች ይመጣሉ። የ10 ዓመት፣ የ100 ዓመት፣ የ500 ዓመት ጎርፍ ይላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የ100 ዓመት» ማለት በየመቶ ዓመቱ አንዴ ይመጣል፣ ባለፈው ስለመጣ አሁን እፎይ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። ዕጣው ደግሞ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወጣል።

ሂሳቡን ልሥራላችሁ። በ100 ዓመቱ ቀለም ውስጥ ያለ ቤት ገዝታችሁ 30 ዓመት ብትኖሩ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎርፍ የማየት ዕድላችሁ ከመቶ 26 ነው። ለ3 ዓመት ብትከራዩ ከመቶ 3 ገደማ። በ500 ዓመቱ ቀለም ውስጥ 30 ዓመት ከመቶ 6 ይሆናል። በ10 ዓመቱ ውስጥ 30 ዓመት ብትኖሩ ግን ዕድል አይባልም፤ ከመቶ 96 ነው። ለዚህ ነው ተከራይና ገዢ አንድ ዓይነት ምክር የማይሰጣቸው። የምትገዙ ከሆነ ከ100 ዓመቱ ቀለም ውጡ። የምትከራዩ ከሆነ ቀለሙ ላይ ሳይሆን ፎቁ ላይ ጨክኑ።

ሌላም ነገር አለ። የውሃ ጥልቀት የሚያሳየውን ንብርብር ፈልጋችሁ አብሩት፤ «ካላዶ» ይሉታል። ጎርፍ ይደርሳል በሚባል ቦታ 20 ሳንቲ ሜትርና 2 ሜትር አንድ አይደሉም። አንዱ ምንጣፍ ያበላሻል፤ ሌላው ሰው ይገድላል።

ካርታውን ደግሞ እንደ ታቦት አትዩት። በ2024 ውሃው በአንዳንድ ቦታ የ500 ዓመቱን መስመር አልፎ ሄዷል። ቀለሙ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ቀለሙ ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት።

4. በእግር ሂዱ፣ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳ

ካርታውን ከጨረሳችሁ ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩት። መጀመሪያ የመንገድ ስሞችን አንብቡ። «ራምብላ»፣ «ባራንክ»፣ «ማርሃል» የሚል ስም ካያችሁ ደረቅ ወንዝ፣ ፈፋ፣ ረግረግ ማለት ነው። ስም ያወጡት የድሮ ገበሬዎች ናቸው፤ ውሃው የት እንደሚሄድ ከደላላ ይልቅ እነሱ ያውቁ ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳ እዩ። በድሮው ቫሌንሲያ የ1957ቱ ውሃ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳዩ ምልክቶች ሕንፃ ላይ አሉ። በደቡቡ ሰፈሮች ደግሞ የ2024ቱ ጭቃ መስመር ያልተነካበት ግድግዳ ፈልጉ፤ አጠገቡ ቆማችሁ ከቁመታችሁ ጋር ለኩት። ቁጥር የማያስረዳውን ይህ ያስረዳል። የበር መቃን ግራና ቀኝ የብረት ሐዲድ ካያችሁ፣ ሳንቃ ገብቶበት ውሃ የሚያግድ ነው። ጎረቤቱ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ነግሯችኋል።

ምድር ቤቱ ወለሉ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሶኬቱ አዲስ፣ ሁለተኛ ፎቁ ግን የድሮው ከሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ገብቷችኋል ማለት ነው። ቢሆንም ጠይቁ። «ሴ ኢኑንዶ?» ማለት «ተጥለቅልቆ ነበር?» ነው። አከራዩን ብቻ ሳይሆን ጥግ ላይ ያለውን ቡና ቤት፣ ፋርማሲውን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አዛውንት ጠይቁ። አዛውንቱ እስከ 1957 ሊወስዷችሁ ይችላሉ። ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።

5. ፎቁን ምረጡ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

በ2024 በብዙ ቦታ ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። አንድ ፎቅ ከፍ ያለ ሰው ግን በአብዛኛው ተረፈ። በስፔን «ፕሪመሮ» ሲሉ ከምድር ቤት ቀጥሎ ያለው ነው፤ ምድር ቤቱ «ባሆ» ነው። «ኤንትሬስዌሎ» የሚባልም አለ፤ በመሀል ያለ ነው፣ ከፍታው ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል። ስሙን ሰምታችሁ አትመኑ፤ ሄዳችሁ ደረጃውን ቁጠሩ።

የባሆ ችግር ዝቅ ማለቱ ብቻ አይደለም። መስኮቱ ላይ ሌባ እንዳይገባ የብረት ፍርግርግ አለ። ሌባ የማያስገባ ብረት ሰውም አያስወጣም። በሩ ላይ ውሃ ከተከመረ በጉልበት አይከፈትም። በመስኮት ልውጣ ስትሉ ብረቱ ይጠብቃችኋል። የግድ ባሆ የሚኖር ሰው ቢያንስ አንዱን ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ማድረግ አለበት።

እናትየዋስ? መልሱ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው። ሊፍት የሌለው አሮጌ ሕንፃ ቫሌንሲያ ውስጥ ብዙ ስለሆነ ይህን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ጠይቁ። ኪራዩ ይጨምራል። ከጓሮው ይልቅ ገንዘቡን እዚህ ላይ አውሉት። ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ግን ያኔ እሷ ላይ ናት።

ቀጥሎ ከመሬት በታች ያለው ፓርኪንግ። በዚያ ምሽት ብዙ ሰው የሞተው መኪናውን ለማውጣት ወርዶ ነው። ነገሩ ያሳዝናል፣ ግን ይገባል፤ መኪና ማለት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ገንዘብ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ይኼ ነው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ደርሼ እመለሳለሁ ትላላችሁ። መግቢያው ቁልቁል ስለሆነ ግን መንገዱ ላይ ያለው ውሃ በሙሉ ወደዚያው ይጎርፋል። እስራኤል ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ጃንዋሪ 2020 ደቡብ ቴል አቪቭ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ውሃ በሞላው፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ፣ ሊፍት ውስጥ ተይዘው ሞቱ። ባሕሩ ያው ሜዲትራኒያን ነው።

ስለዚህ ቤት ስታዩ ሦስት ነገር አስከፍታችሁ እዩ፦ የፓርኪንጉ መግቢያ ወዴት ያዘቀዝቃል፣ ከፓርኪንጉ በደረጃ መውጫ አለ ወይ፣ የሕንፃው መብራት ሳጥን የት ነው። ሳጥኑ ከመሬት በታች ከሆነ አራተኛ ፎቅ ብትሆኑም ከጎርፍ በኋላ ለሳምንታት ጨለማ ውስጥ ልትቀመጡ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ ልናገር። ካታሮሃ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነፍሱ ትተርፋለች፤ ኑሮው ግን ይቆማል። ከ2024 በኋላ በደቡቡ በኩል ሜትሮው ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሱቅ የለም፣ ሊፍት የለም፣ ጭቃው አያልቅም። ርካሽ ስለሆነ እዚያ ልከራይ የሚል ሰው ይህንንም ሂሳብ ውስጥ ያስገባ። ወጣት ሆኖ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ኢንሹራንስ ገብቶ፣ ከሆነ ደግሞ እኔ አልከለክለውም።

6. ኢንሹራንሱን ከቁልፉ ቀድማችሁ ግቡ

የስፔን አሠራር ከሌላው አውሮፓ ለየት ይላል፤ ለኛም ይመቻል። የጎርፍን ካሳ የሚከፍለው «ኮንሶርሲዮ» የሚባል የመንግሥት ተቋም ነው። ሙሉ ስሙ ኮንሶርሲዮ ዴ ኮምፔንሳሲዮን ዴ ሴጉሮስ ነው። ገንዘቡን የሚሰበስበው በእያንዳንዱ የቤት ኢንሹራንስ ላይ ትንሽ ጭማሪ እየጣለ ነው። ትርጉሙ፦ የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ከጎርፍ ካሳ ያገኛል፤ ምንም የሌለው ሰው ከኮንሶርሲዮ አያገኝም።

ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ 7 ቀን የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሮጦ መግባት አይሠራም። ሁለተኛ፣ የባለቤቱ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ሕንፃውን ነው፤ የእናንተን ሶፋና ላፕቶፕ አይደለም። ተከራይ «ኮንቴኒዶ»፣ ማለትም የዕቃ ኢንሹራንስ ለብቻው ይግባ። ሦስተኛ፣ ክፍያ ለመቀነስ ብላችሁ የዕቃችሁን ዋጋ ዝቅ አድርጋችሁ ካስመዘገባችሁ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጣራ አፍስሶ የገባ ዝናብ ደግሞ የኮንሶርሲዮ አይደለም፤ እሱን የሚያየው የራሳችሁ ኩባንያ ነው፣ ውሉን አንብቡ።

ቤት ገብታችሁ ዕቃችሁን ከደረደራችሁ በኋላ በስልካችሁ ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጹ። አምስት ደቂቃ ነው።

7. ከመፈረማችሁ በፊት

የምትገዙ ከሆነ ከንብረት መዝገብ ቤት «ኖታ ሲምፕሌ» አውጡ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ዕዳ እንዳለ ይነግራችኋል። ስለ ጎርፍ ይነግረናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ለዚያ የማዘጋጃ ቤቱን የከተማ ፕላን ክፍል ነው የምትጠይቁት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን እንጂ ከከፈላችሁ በኋላ አይሁን። ለኪራይ ሕጉ የሚያዘው መያዣ የአንድ ወር ኪራይ ነው። የሕንፃውን ነዋሪዎች ማኅበር የመጨረሻ ቃለ ጉባኤም ጠይቁ። ፓርኪንጉ ውስጥ ፓምፕ ስለመግዛት ተጨቃጭቀው ከሆነ እዚያ ታገኙታላችሁ።

8. መኸሩን መኖር ልመዱ

ከገባችሁ በኋላ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር አንድ ልማድ ያዙ። «አኤሜት» (AEMET) የሚባለው የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ቀይ ሲወጣ የእናንተን ሳይሆን የኋላውን፣ የተራራውን አካባቢ ቀለም እዩ።

ኦክቶበር 29 ቀይ ማስጠንቀቂያው የወጣው ጠዋት ነው። የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ በትንበያው ብቻ ተመሥርቶ የዚያን ቀን ትምህርት ዘግቶ ነበር። በየስልኩ የጮኸው የመንግሥት ማንቂያ ግን የመጣው በስፔን ሰዓት 20:11፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ነው። ፖዮ 2,282 ላይ ከደረሰ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፎታል። ብዙ ሰው ማንቂያውን የሰማው ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ ስልኩ እስኪጮህ አትጠብቁ፤ ጠዋት ቀይ ካያችሁ ቀኑን እንደ ዩኒቨርሲቲው አድርጉት።

በዚያ ቀን ልጅ ትምህርት ቤት አይሂድ። ዝቅተኛ መንገድ የሚያቋርጥ ሥራ ካለ ከቤት ሥሩ። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የስልክ ባትሪና ውሃ በአንድ ቦርሳ ላይ ፎቅ ይቀመጥ። ባሆ የሚኖር ጎረቤት ካለ፣ በተለይ አዛውንት ከሆኑ፣ ከምሽቱ በፊት በሩን አንኳኩና «ኑ፣ ቡና ላፍላላችሁ፣ እኛ ጋ አምሹ» በሏቸው። አደጋ ካለ 112 ደውሉ። መኪናውን ከፍ ያለ መንገድ ላይ ማቆም የምትችሉት ጠዋት፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ነው። አንዴ ውሃ መግባት ከጀመረ መኪናውን ተዉት።